ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሰው

እንግዲህ ቀረብ በሉና ላውጋችሁ። ወሬው የሰፈራችን የወሎ ሰፈር ነው። ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲሄዱ፣ የኢትዮ ቻይና መንገድ ወደ ጎተራ ከሚገነጠልበት ጀርባ፣ አዲሱ ፎቅና አሮጌው የጭቃ ቤት ተጠጋግተው የሚኖሩበት የውስጥ ለውስጥ መንደር አለ። የዚያ መንደር እናቶች ስለሠሩት ነገር ነው የምነግራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ የልጆቻቸውንም አልጠራም። መጀመሪያ የተማማልነው በዚህ ነውና ቃሌን እጠብቃለሁ። በሥራቸው እጠራቸዋለሁ፦ አንዷ ጉሊት ቸርቻሪ ናት፣ አንዷ መምህርት፣ አንዷ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አያት፣ አንዱ ደግሞ ሚኒባስ የሚነዳ አባት። እኔ የዕድር ጸሐፊ ነኝ። ወደዚህ ነገር የገባሁትም “ጋሼ፣ እርስዎ ደንብ መጻፍ ያውቃሉ፤ ይጻፉልን” ተብዬ ነው።

እነዚህ ሰዎች በአንድ ሰፈር እየኖሩ፣ አንድ ወፍጮ ቤት እያስፈጩ አይተዋወቁም ነበር። ቸርቻሪዋ ልጇን ስታወጣ በነጠላ ሸፍና ነው። መምህርቷ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላት ለሥራ ባልደረቦቿ ተናግራ አታውቅም። የተገናኙት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ እስከ ቀትር የሚጠብቅ ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ ሳያይ አይቀርም። የቸርቻሪዋ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ወተት ስታጠጣው ትን አለው። መምህርቷ ዝም ማለት አቃታት።

“ቀና አድርገሽ አስቀምጪው እንጂ እህቴ። አገጩን ወደ ደረቱ ትንሽ ዝቅ አድርጊለት። ቀጭን ነገር ነው ትን የሚለው፤ አጥሚቱን ወፈር አድርጊና በትንሽ ማንኪያ፣ በቀስታ።”

ቸርቻሪዋ እንደተባለችው አደረገች። ልጁ ዋጠ። ደግማ ሰጠችው፤ ደግሞ ዋጠ።

“ማን ነገረሽ?”

“እንዳንቺ ያለች እናት ነገረችኝ።”

“ቤትሽ የት ነው?”

“ወሎ ሰፈር።”

“ወሎ ሰፈር የት ጋ?”

እንዲህ ነው የተጀመረው። ልብ በሉ፤ ያች ማንኪያ ስንት ወር የዘለቀ የምግብ ጊዜ ጭንቀት አቃለለች። በኮሪደሩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ሲመላለሱ ነበር፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ለአንድ ልጅ ያላቸው ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ማንኪያ ላይ አይደርሱም።

መደባበቁ የእነርሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን የጠየቀ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ነበር። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ 26.7 በመቶው ነገሩን ለመሰወር እንደሚጥሩ ተናገሩ። 40.2 በመቶው የመንፈስ ልክፍት ነው አሉ። ከሁሉ የጎደለን ምንድን ነው ሲባሉ ደግሞ 74.5 በመቶው ለልጃችን የሚሆን ትምህርት ነው ብለው መለሱ። እነዚህ እኮ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ ድረስ የደፈሩት ናቸው። በሩ የተዘጋበትን ማን ጠየቀው?

በአደባባይ ወጥተው “ይህ ልጅ ልጄ ነው” ካሉት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ስማቸው የታወቀ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ጆጆ ኦቲዝም ያለበት ነው፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ጠፋ። እርሳቸው ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ልጃቸው ሲናገሩ፣ መጋረጃ ዘግታ የምታለቅስ ስንት እናት ለካ ብቻዬን አይደለሁም ብላ ይሆን! በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው፤ ፍቅር ኢትዮጵያ የአእምሮ ውስንነት ማኅበርም ከወላጆች የተወለደ ነው። በአገራችን ለነዚህ ልጆች የተከፈተውን በር ስታዩ ከበሩ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት እናት ነው።

ወደ ወሎ ሰፈር ልመለስ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባና ትምህርት ቤቱም ማዕከሉም ተዘጋ። ልጆቹ ቤት ዋሉ፤ እናቶቹም አብረው ዋሉ። ያን ጊዜ አንድ ሰው የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተላቸው። የከፈተው በጎ ሰው ነበር፤ ነገር ግን አንዳቸውንም አልጠየቀም። በሳምንታት ውስጥ ሰዉ ጎረፈ፤ ማን ወላጅ እንደሆነ፣ ማን ነጋዴ እንደሆነ አይታወቅም። ጠዋት ተነሥታችሁ ስትከፍቱት የተላለፈ ምርቃት፣ የተላለፈ ዜና፣ ከዚያ ደግሞ “ኦቲዝምን በ21 ቀን የሚያድን ቅመም” ይላል። አንዲት እናት የልጇን ፎቶ ለጠፈች፤ ፎቶው ከግሩፑ ወጥቶ ለልመና ማስታወቂያ ዋለ። ያች እናት ስልኳን ዘግታ ጠፋች። እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው። ሊረዳት የታሰበው ቦታ ለጥቃት አጋለጣት።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መምህርቷ ቤት ቡና ተጠራ። እኔም ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ አንዱ የረከቦቱን ጠርዝ እየደበደበ ይስቃል፤ ማንም “ተው” አላለውም። የመምህርቷ የእህት ልጅ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት ነው፤ ለእናቶቹ መተግበሪያ ልሥራ ብሎ ሥዕሉን በወረቀት ነድፎ መጥቷል። የሚያምር ነገር ነበር። ቸርቻሪዋ ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። “በዚህ ላይ ጫንልኝ” አለችው። ስልኳ ሞልቷል፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ካርድ የምትሞላው የሸጠች ቀን ነው። አያትየዋ ደግሞ ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ወጣቱ ወረቀቱን አጠፈና “እሺ፣ እናንተ ንገሩኝ” ብሎ ተቀመጠ። ብዙ የተማረ ሰው የማይደፍራት ቃል ስለሆነች አከበርኩት።

ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት እስከ ሦስተኛው ቡና አላለቀም። መጀመሪያ የተነሣው የሰው ብዛት ነው። አያትየዋ “እኛ ማኅበር ስንጠጣ 12 ነን። ከዚያ ሲበዛ የታመመ አይጠየቅም፤ የቀረ አይታወቅም” አሉ። ከማዶ የተቀመጠች አንዲት ሙስሊም እናትም ተስማማች። ስለዚህ አዲሱ የቴሌግራም ግሩፕ በ12 ሰው ተዘጋ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሌላ 12 ይጀመራል፤ ከአሮጌው ሁለት ሰው ሄዶ ያለማምደዋል። አዲስ ገቢም ከመካከላቸው አንዱ በአካል አይቶት “አውቀዋለሁ” ሊልለት ይገባል።

ቀጥሎ ጽሑፍ ነው ወይስ ድምፅ የሚለው መጣ። መምህርቷ መጻፍ ትወዳለች። ቸርቻሪዋ ግን፦ “እኔ ማንበብ ያዝ ያደርገኛል። ደግሞስ አንድ እጄ ልጁን ይዟል፣ አንዱ ሚዛን ላይ ነው፤ በየትኛው ልጽፍልሽ ነው?” አለች። ድምፅ እንዲሆን ተወሰነ፤ ጥቅል እንዳይበላ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ሹፌሩ በዚህ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፤ ስልኩን ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት ድምፁ በስፒከር መጮሁን ትቶ በጆሮ እንደሚያሰማ አሳያቸው። ተሳፋሪ ጭኖ እንዴት እንደሚያዳምጥ ያኔ ገባን። ቤተ ዘመድ በሞላበት አንድ ክፍል ቤት የምትኖር ሴት ምስጢሯን የምትሰማው እንደዚህ ነው።

የሌሊቱ ነገር ላይ ብዙ ቆየን። ልጅ የሚጥል ሕመም የሚነሣበት፣ እንቅልፍ የሚያጣው፣ ግድግዳ በጭንቅላቱ የሚመታው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድምፅ ብትልኩ ማን ይመልሳል? ሁሉም “ሌላው ይመልስላታል” ብሎ ያንቀላፋል። አያትየዋ “ለቀስተኛ ቤት ተረኛ የለም ወይ? ተረኛ ይውጣ” አሉ። ተረኛ ወጣ። የተረኛዋ ስልክ ድምፁ ክፍት ሆኖ ያድራል፤ ሌሎቹ ዘግተው ይተኛሉ፤ ይህ መተኛት ራሱ እርዳታ ነው። ተረኛዋ አዋቂ መሆን አይጠበቅባትም። “ነቅቻለሁ፣ እዚህ ነኝ” ማለት ብቻ ነው ሥራዋ። ምን ማድረግ እንዳለባት የሚነግር አንድ መልእክት ደግሞ ከላይ ተሰክቷል። መምህርቷ ከሐኪም ጠይቃ፣ በራሷ ድምፅ፣ እንዲህ ብላ ቀድታዋለች፦

“ልጁ ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት። ራሱን የሚጎዳበትን ነገር አርቁ። አትያዙት፣ አትጫኑት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታግቡ። ክብሪት አታሽትቱት። ሰዓት እዩ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ይዛችሁ ሩጡ።”

የክብሪቱ ነገር ሲነሣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያላሸተተ አልነበረምና። አያትየዋ ብቻ “ሲሻለው በክብሪቱ ይመስለን ነበር፤ ለካ ራሱ ነው የሚለቀው” አሉ።

ስለ መድኃኒትም ጻፍኩ። የሚጥል ሕመም መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል የጠፋ ሰሞን የትኛው ከነማ ፋርማሲ እንደገባ፣ ቀይ መስቀል ጋ ይኑር አይኑር ይነገራል፤ መጠኑን ግን ከሐኪም በቀር ማንም አይናገርም። ጠበል የሚሄድ ይሄዳል፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርጋል፤ ማንም ማንንም በእምነቱ አይነቅፍም፤ ኪኒኑን አቁሚ የሚል ግን ይወጣል። የልጅ ፎቶ አይላክም። ይህን ስንጽፍ ሕግ አማክረን አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። እናቶቹ ከአዋጁ ቀድመው ያወቁት ደርሶባቸው ነው።

አንድ ክርክር አለ፤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም። “ልጄ ዛሬ ቆመ ብዬ መናገር እችላለሁ?” ብላ ጠየቀች አንዷ። ልጇ መቼም የማይቆምላት እናት አጠገቧ ተቀምጣለች። ሁሉም ቡናውን አየ። ቸርቻሪዋ ናት የመለሰችው፦ “ተናገሪ። ደስታሽን ከደበቅሽኝ ሐዘኔንም አልነግርሽም። ግን አንቺም ሌላም ‘የአንቺም ልጅ ይቆማል’ እንዳትሉኝ።” እኔ ቃል በቃል ጻፍኩት፦ ደስታ ይነገራል፤ ተስፋ በሰው ስም አይሰጥም። በዕድር ጸሐፊነቴ ብዙ ደንብ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ይህን ከእናት በቀር ማንም ሊያወጣው አይችልም፤ ለዚህ ነው ከእነርሱ ጋር ሳይነጋገሩ ለእነርሱ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚያሳስበኝ።

በውጭ አገርም ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። አሜሪካ፣ ኦማሃ ከተማ ውስጥ፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ፍራን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1971 ቀድመው ያለፉበትን ወላጆች ከአዲሶቹ ጋር ማገናኘት ጀምረው ነበር፤ ያን ጊዜ ኢንተርኔት የለ፣ ግንኙነቱ በስልክና በጉብኝት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ እዚሁ አዲስ አበባ ተሞክሯል። ጥሩ ሥልጠና ነው፤ ከልጅ ጋር መጫወትን፣ ቃል ማውጣትን፣ ለራስ ማረፍን ያስተምራል። ሥልጠና ግን የመጨረሻ ቀን አለው። ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት የተረኛዋ ነው።

የካቲት 2015 ላይ ደንቡ ተፈተነ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። ወጣቱ ለጥቂቶቹ ቪፒኤን ጫነላቸው፤ ቸርቻሪዋ ግን እንደ አያትየዋ ከውጭ ቀረች። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲጠፋ የቀመሱትን ስላልረሱ፣ መምህርቷ የሁሉንም ቁጥር በወረቀት አስጽፋኝ ነበር። ያን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርገን ቤት ለቤት አደልን። ሚስኮልም ቋንቋ ሆነ፦ አንድ ጊዜ ከጠራ “ነቅቻለሁ፣ ደህና ነን”፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ “ደውይልኝ”። ሂሳብ አያስወጣም፤ በባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራል። ቴሌግራም ሲመለስ ሚስኮሉን አልተዉትም። አያትየዋ ሙሉ ተረኛ የሆኑት እንዲያውም ያን ጊዜ ነው፤ ጥሪው ሲመጣ እየተነሡ ይደውላሉ። የካርዳቸውን ሂሳብ ሌሎቹ በቴሌብር ያዋጣሉ።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ፣ ከግሩፑ እዚያ ትኖር ለነበረች አንዲት እናት ገላን ጉራ ደረሳት። ቤቱ አዲስ ነው፣ ሰፊም ነው። ልጇ ግን በሩ ክፍት ሲያገኝ የሚወጣ፣ ስሙን ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ነው። ካዛንቺስ እያለች ሱቅ ጠባቂው፣ ሊስትሮው፣ እንጀራ ሻጭዋ ያውቁታል፤ ሄዶ ሄዶ አንዱ እጁን ይዞ ይመልሰዋል። ገላን ጉራ ማን ያውቀዋል? ሁሉም ጎረቤት እንደ እርሷ አዲስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የላከችው ድምፅ ውስጥ ቃል የለም፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው።

የዚያን ዕለት ተረኛ የነበረችው ቸርቻሪዋ ናት። በስልክ ብቻ አልተወችውም። እሑድ ጠዋት በሹፌሩ ሚኒባስ ሆነው ገላን ጉራ ሄዱ፤ ልጁን በመካከላቸው አድርገው በየበሩ አንኳኩ። “ይህ ልጅ ጎረቤታችሁ ነው። አይናገርም፤ ግን ይሰማል። ወጥቶ ብታዩት አትጩሁበት፤ ፊት ለፊቱ ሆናችሁ እጃችሁን ዘርጉለት፤ ይይዛል። እናቱ ያች በር ናት።” በኮቱ ውስጠኛ ኪስ ላይም ስልክ ቁጥር ሰፉለት። እኔ ስልክ ብዙ ነገር እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅ ግን አይዝም፤ እናት ክሊኒክ ስትሄድ ቤት አይጠብቅም። በሰፈር ተይዞ የነበረው ልጅ ሰፈሩ ሲበተን ለእናቱ ብቻ ይቀራል። መንደር የሚያነሣ ሰው ቤት ሲያድል ይህን እንዲያስብበት አጥብቄ እለምናለሁ፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከሚያውቁት ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ጋር ቢደለደል ለከተማው ምንም አይከብድም።

አሁን ወደ ቅርቡ ነገር ልምጣ። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ሲዞር የነበረ፣ ግን ማንም በድምፅ ያልላከው አንድ ጥያቄ ነበር። አያትየዋ 70ን አልፈዋል። ባለፈው የቡና ቀን ስኒውን አስቀምጠው “ከእኔ በኋላ ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?” አሉ። ማንም “እግዜር ያውቃል፣ ዕድሜ ይስጥዎ” አላለም፤ በደንቡ መሠረት ተስፋ በሰው ስም አይሰጥም። ቤቱ ዝም ብሎ ተለያየ።

ማታ ላይ ድምፅ ገባ። ሹፌሩ ነው። ሁሉን እያዳመጠ ስንት ጊዜ የኖረ፣ ስለ ልጁ ግን አንድም ቀን ያልተናገረ አባት። “እማማ፣ ማን እንደሚይዘው እኔም አላውቅም” አለ። “የሚይዘው ሰው ግን እንዲያውቀው ማድረግ እንችላለን። የኔ ልጅ ውሃ ሲፈልግ አንገቱን ነው የሚነካው። ይህን ከእኔና ከእናቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ መንገድ ላይ ነው የምውለው፤ አንድ ነገር ብሆን ከእኔ ጋር ይቀራል። ጋሼ ደብተር ያዘጋጁልን።”

አዘጋጀሁ። ለየልጁ አንድ ደብተር፤ መጻፍ የሚያቅታቸው በድምፅ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የአያትየዋን ትናንት ጀመርኩ፦ ጠዋት ሲነሣ ቀኝ እግሩ ይግተረተራል፤ ሳይጎትቱ ቀስ ብሎ ማሸት። ገንፎ ይወዳል፤ ቅቤ ሲበዛበት ይተፋል። የፀጉር ማሽን ድምፅ ያስፈራዋል፤ በመቀስ ነው የሚቆረጠው። ኪኒኑን በማር ይውጣል፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። የጎተራን መንገድ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሲከፋው አይጮኽም፣ ጆሮውን ይይዛል። “እሺ” ማለት ሲፈልግ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ይጨፍናል። ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነን፤ ረቡዕ እንቀጥላለን፤ ሐሙስ ደግሞ የቸርቻሪዋ ተራ ነው።